ስልክ ጥበቃ

የቤታችን ስልክ ለዓመታት የሚጮኸው ለአጭበርባሪ ብቻ ነበር። አንዱ ይደውልና «ልጅዎ ፖሊስ ጣቢያ ነው፣ አሁኑኑ ገንዘብ ይላኩ» ይላል፤ እኔም «ልጄ እዚሁ አጠገቤ ሩዙን እየበላ ነው፤ ይልቅ ያንተ እናት እንዳትታሰር ደውልላት» ብዬ ጆሮው ላይ እዘጋበታለሁ። ልጄ ጁንሜንግ ታይናን ከተማ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ አጠገቤ ተቀምጦ ከበላ ቆይቷል። ግን ለአጭበርባሪ እውነት አይነገርም። ባሌ ጂንሁ «ይኼን ስልክ እናስቆርጠው፤ ለመሰደብ ደግሞ እንከፍላለን?» ይል ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። የለመድኩትን ነገር መጣል አልወድም፤ እሱንም ያልጣልኩት ለዚሁ ነው።

ከዚያ ባለፈው ጸደይ የአውራጃው ፖለቲካ ሁሉ መጥቶ እዚያ ስልክ ላይ ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንድ የምክር ቤት ወንበር ሁለት ሰዎች ከፓርቲያችን «እኔ ልቅረብ፣ እኔ ልቅረብ» ሲሉ፣ ፓርቲው ራሱ አይመርጥም፤ ሕዝቡን በስልክ ይጠይቃል። ማታ ማታ ወደ ሰው ቤት ይደወላል፣ ብዙ ድጋፍ ያገኘው እጩ ይሆናል። የሚደወለው ደግሞ ወደ ቤት ስልክ ነው። ወጣቱ የቤት ስልኩን ጥሎ የኪስ ስልኩን ይዞ ሲዞር፣ የድሮውን ስልክ ታቅፈን የቀረነው አሮጊትና ሽማግሌ ነን። በዕድሜዬ ሙሉ «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ባሌን ጨምሮ። ድንገት አስተያየቴ ተፈላጊ ሆነ።

የመንደራችን ሹም አሺንግ በትንሿ የጭነት መኪናው ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ ከጠዋት እስከ ማታ ይዞር ጀመር። «ውድ ወገኖች! ከዛሬ ማታ ጀምሮ ስልክ ጠብቁ! ገበያ አትሂዱ፣ ዘመድ አትጠይቁ፣ ስልክ ጠብቁ! ድጋፋችን ለወንግ ሹጀን ብቻ! ለሌላ ለማንም!» ውሾቹ ሳይቀሩ ስሟን ለመዱት።

ወንግ ሹጀን የዓሣ ኩሬ ተከራይ ልጅ ናት፤ እጇን አይቼዋለሁ፣ ጭቃ የነካው እጅ ነው። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል እንደሚባለው አፍም አላት። እኛም አፏን ሳይሆን አንድ ሐሳቧን ነበር የፈለግነው።

በኛ ዘንድ ኩሬ የሚከራየው በቃል ነው። በአዲስ ዓመት ሰሞን ጂንሁ ከኩሬው ምርጥ የሆኑትን ሳባሂ ዓሦች መርጦ ለባለመሬቱ ለሽማግሌው ሼ ይወስድለታል። ሽማግሌው ሻይ ይቀዳለታል። «ለከርሞስ?» ይላል። «ለከርሞም» ይላል ጂንሁ። አለቀ፤ ውሉ ይኸው ነው። ጂንሁ ከውትድርና ከተመለሰ ጀምሮ እንዲህ ሲሉ ኖረዋል፤ ወረቀት መጠየቅ ሽማግሌውን ሌባ ብሎ እንደመስደብ ነበር። ሽማግሌው አምና ሞተ። መሬቱ ዋና ከተማው ታይፔ ለሚኖር የጥርስ ሐኪም ልጁ ደረሰ፤ እሱም ጫማቸው ከሚያብረቀርቅ ሁለት ሰዎች ጋር መጣ። የሶላር ኩባንያ ሰዎች ናቸው። ኩሬዎቹን ሁሉ በሰሌዳ ሸፍነው ከፀሐይ ኤሌክትሪክ ሊሠሩ ነው።

የሼ ልጅ ጨዋ ነው፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። «አጎት ጂንሁ፣ አባቴ ሁልጊዜ የእርስዎን ዓሣ ያመሰግን ነበር» አለ አጎንብሶ። «ነገር ግን ወረቀት ስለሌለ ሕጉ ተከራይ ብሎ አያውቅዎትም። የዘንድሮውን የመኸር ዓሣ ያውጡ፣ ከዚያ ወዲያ…»

ወንግ ሹጀን የምትለው ይህ ነበር፦ ወረቀት ባይኖረውም ኩሬውን ሲያለማ የኖረ ሰው ይመዝገብ፤ እሱ ሳይፈርም ኩሬው ላይ ሰሌዳ አይተከል። ተፎካካሪዋ ሆንግ ቦዪ ደግሞ «ኤሌክትሪክም ሩዝ ነው» ይላል፤ በየመንገዱ በተሰቀለው ሥዕሉ ላይ ጥርሱ ከሰሌዳው ይበልጥ ያበራል። ኩባንያውም ማን እጩ እንደሚሆን ሳያይ አልፈርምም ብሎ ቆሞ ነበር። የሼ ልጅ ራሱ ነገረን፤ «ወንግ ከመጣች እነሱም ይፈራሉ፣ ኩሬው በእጃችሁ ይቆያል» አለ። እንግዲህ ያ ኩሬ፣ የጂንሁ ዕድሜ ያለቀበት ኩሬ፣ በአንድ የስልክ ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ።

ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ቤተ መቅደሱ ፊት ለፊት ሻይ ይጠጣሉ። አገር የሚመራው እዚያ ነው፤ ታይፔ ያሉት አያውቁም እንጂ። ያን ቀን እኔም ለገበያ የባሕር ዛጎል ሥጋ ከምፈለፍልበት ተነስቼ ለጂንሁ መድኃኒቱን ላቀብለው ሄጄ ደረስኩባቸው።

«ኢኮኖሚው አድጓል ይላል ቴሌቪዥኑ» ይላል ላይፉ፤ ጡረታ የወጣ አውቶቡስ ነጂ ነው። «የማን ኢኮኖሚ ነው ያደገው? እኛ ቤት እንኳን ሊያድግ፣ አላደረም።»

«ፋብሪካው ነዋ ያደገው» አለ አሺንግ።

«እንግዲያው ፋብሪካው ይምረጥ! ምን እኔን ስልክ ጠብቅ ትለኛለህ?»

«እንቁላል ሲወደድ መንግሥትን ትረግማላችሁ» አለ ጂንሁ። «ዶሮዋ የመንግሥት ናት?»

«የዓሣ መኖው ሲወደድስ ምን ስትል ነበር?»

«መኖ ሌላ ነው። መኖው ተወደደ፣ መብራቱ ተወደደ፣ ዓሣው ያው ነው። ባሕር ማዶ ያሉት ነጋዴዎች አንገዛም ካሉ ወዲህ ይባስ ወርዷል። እውነት ነው፣ ፓርቲያችን ረስቶናል።» ጂንሁ ሻዩን ፉት አለና እንደ ጸሎት መዝጊያ የሚያደርጋትን ቃል አመጣት። «ቢሆንም ያኛው ፓርቲ ቢሆን ኖሮ ይብስ ነበር።»

ላይፉ ጭኑን መታ። «አንተ እኮ ፓርቲህ ቤትህን ቢያቃጥል፣ ያኛው ቢሆን ከነጎረቤቴ ያቃጥለኝ ነበር ትላለህ!»

ሁሉም ሳቁ። ጂንሁ አልሳቀም። አባቱን በዚያ በዝምታው ዘመን፣ ያኛው ፓርቲ ብቻውን ሲገዛ፣ ስለ አንድ በራሪ ወረቀት ወስደውት ነበር። ሲመለስ ጣቶቹ አይጨብጡም፤ ቾፕስቲክ መያዝ አቅቶት እስኪሞት በማንኪያ በላ። ጂንሁን ያጎረሰው አባቱ ሳይሆን አባቱን ያጎረሰው ጂንሁ ነው። ለዚህ ነው ስለ ያኛው ፓርቲ ሲነሳ የማይስቀው፤ እኔም በዚህ አልቀልድበትም።

አሺንግ ወንበሩን ሳብ አደረገና አስተማራቸው። «በደንብ ስሙኝ። የምትደውለዋ ሴትዮ ሁለት ጥያቄ ትጠይቃለች። አንደኛ፣ ወንግ ከዚያኛው ፓርቲ ሰው ጋር ብትወዳደር ማንን ትመርጣለህ? ወንግ ትላለህ። ሁለተኛ፣ ሆንግ ከዚያው ሰው ጋር ቢወዳደርስ? እዚህ ላይ ሆንግ እንዳትሉ! አልወሰንኩም በሉ። የጨከነ ደግሞ ያኛውን እመርጣለሁ ይበል። ለሁለቱም አዎ ካልክ በሚዛኑ ሁለቱም ወገን ላይ እኩል ጨመርክ፤ ለማንም አላልክም ማለት ነው።»

«ያኛውን እመርጣለሁ ልበል?» አለ ጂንሁ። «እኔ? በዚህ አፌ?»

«በስልክ እኮ ነው አጎቴ! የምርጫው ዕለት የፈለግኸውን ትመርጣለህ። ይኼ የቁጥር ጨዋታ ነው።»

«የሚጠይቁኝ የማስበውን አይደለም እንዴ? ታዲያ የማላስበውን ልነግራቸው ነው የሚደውሉልኝ?»

«ባክሽ አክስቴ፣ አንቺ አንሺው» አለኝ አሺንግ ወደ እኔ ዞሮ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ተናግሮ አናጋሪ! መዋሸትን ማን ያስተምረኛል? ለአጭበርባሪ ስዋሽ ኖሬ የለም እንዴ?

ጀመርኩ ስልክ ጥበቃ። ዛጎሌን ወደ ሳሎን አምጥቼ ከስልኩ ሥር ተቀምጬ እፈለፍላለሁ፤ ቤቱ በባሕር ሽታ ታፈነ። ገላዬን የምታጠበው ጂንሁን ስልኩ አጠገብ አቁሜ፣ «ከጮኸ እንዳታነሳ፣ ጥራኝ» ብዬ ነው። እኅቴ ስትደውል «መስመሩን ለቀቅ አድርጊ፣ ለአገር ጉዳይ ይፈለጋል» ብዬ ስዘጋባት ተቀየመችኝ። ጁንሜንግ በኪስ ስልኬ ይደውልና ይስቅብኛል። «እናቴ፣ አውራጃው ውስጥ ስንት ቤት አለ? አንቺ ጋ ይደውላሉ ብለሽ ነው? ደግሞስ ፖለቲከኛ ሁሉ አንድ ነው።»

«አንድ ከሆነማ የምትሠራበት ፋብሪካ ሆንግን ለምን ይወዳል?»

«ሥራ ገባሁ» ብሎ ዘጋው። የእሱ ፋብሪካም ያን የፀሐይ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ልጁ የሚበላው አባቱን ከሚበላው ገበታ ላይ ነው። ይህን ያልኩት ልጎዳው አልነበረም፤ እሱም የሚያደርገው የለውም።

በመጨረሻው ምሽት፣ ተስፋ ቆርጬ ዛጎሌን ልሰበስብ ስል፣ ጮኸ።

«እንደምን አመሹ፤ ስለ ምርጫው አጭር ጥያቄ ነበረን» አለች አንዲት ልጅ፤ ድምፅዋ የደከመ ነው።

«ወንግ ሹጀን!» አልኩ።

ሳቅ አለች። «ገና አልጠየቅሁም እኮ አክስቴ። ቤት ውስጥ ለመምረጥ ዕድሜው የደረሰ ወንድ አለ?»

«ወንድ ምን ያደርግልሻል? እኔ አለሁልሽ።»

«የሴቶቹ ድርሻ ሞልቷል አክስቴ። ኮምፒውተሩ ወንድ ጠይቂ ነው የሚለኝ። ከሌለ ግድ የለም፣ ሌላ ቤት እደውላለሁ።»

ጂንሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ላይ የሚጨቃጨቁትን ያያል። የለም ብል ጥሪው ያልፈናል፤ ይህን ሁሉ ቀን የጠበቅሁት ጥሪ ወደማላውቀው ቤት ይሄዳል። ብሰጠው ደግሞ ጂንሁ ጂንሁ ነው። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ። የስልኩን አፍ በመዳፌ ከደንኩ።

«ስማኝ» አልኩት። «አልወሰንኩም። ለሁለተኛው ጥያቄ አንድ ቃል ነው፤ አልወሰንኩም። ስለ ኩሬው ብለህ።»

«ስጪኝ» አለ። ተነሳ፤ የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ ቆለፈ፤ ከዚያ ተቀበለኝ። እኔም የስልኩን ድምፅ ማጉያ ተጫንኩ።

ልጅቷ ዕድሜውን ጠየቀችው፣ መንደሩን ጠየቀችው። ከዚያ ጥያቄዋ መጣች። «ወንግ ሹጀን ከዚያኛው ፓርቲ እጩ ጋር ብትወዳደር ማንን ይመርጣሉ?»

«ወንግ ሹጀንን!» ቤቱ እስኪናወጥ ጮኸ። እኔም በደስታ ወገቡን መታ አደረግሁት።

«ሆንግ ቦዪ ከዚያኛው ፓርቲ እጩ ጋር ቢወዳደርስ?»

አፉን ከፈተ። ዘጋው። እኔን አየኝ። እኔም በከንፈሬ ብቻ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ አልወሰንኩም፣ አልወሰንኩም እላለሁ፤ በሁለት እጄ እለምነዋለሁ።  ኩሬው ጠፍቶት አይደለም፤ ዓይኑ ውስጥ አይቼዋለሁ፣ ኩሬው እዚያ ነበር።

«አባት፣ መስመር ላይ ነዎት? ልድገምልዎ?»

«አለሁ» አለ ጂንሁ። ድምፁ ቀነሰ። «ሆንግን። ከዚያኛው ፓርቲ ጋር ከሆነ… እንግዲህ ሆንግን።»

አመስግና ዘጋች።

«አልወሰንኩም ማለት አቃተህ?» ብዬ ጮህኩበት። «ሁለት ዓመት ወታደር ሆነህ፣ ማዕበል ችለህ፣ አንዲት ቃል አቃተችህ?»

«ወስኛለሁ እኮ!» አለ፣ እሱም እየጮኸ። «ከተወለድኩ ጀምሮ ወስኛለሁ። የወሰነ ሰው አልወሰንኩም ይላል?» ከዚያ ረጋ ብሎ፣ ራሱን እንደሚያጽናና ሰው፣ «ለወንግም እኮ አዎ ብያለሁ። አዎን አዎ እንዴት ያጠፋዋል?» አለኝ። እኔም ላስረዳው አልሞከርኩም። ተናድጄ ነበር፤ ከንዴቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበረ፤ አሳዘነኝ።

ወንግ ሹጀን ተሸነፈች። ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በማግስቱ በቴሌቪዥን ሆንግን እቅፍ አድርጋ «አንድ ነን» ስትል አየናት፤ ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ሊወድቅ ይደርሳል። ኩባንያው ወር ሳይሞላ ፈረመ። የሼ ልጅ የአናናስ ኬክ በካርቶን ይዞ መጥቶ እንደገና አጎነበሰልን። ኬኩ ይጣፍጥ ነበር፤ እኔ በላሁት፣ ጂንሁ አልነካውም።

በመኸር፣ የኩሬው ዓሣ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሆንግ ቦዪ ድምፅ ሊለምን መንደራችን መጣ። ቤተ መቅደሱ ፊት ርችት ተተኮሰ። አሺንግ የሆንግ ስም የተጻፈበት አረንጓዴ ሰደርያ ለብሷል፤ እነዚያን ሁሉ ቀናት «ለሌላ ለማንም» ሲል የከረመው አሺንግ ማለቴ ነው። ምን ያድርግ፣ የመንደር ሹም መንገድ ማስጠገን አለበት። ሆንግ በተርታ የሰውን እጅ እየጨበጠ መጥቶ ጂንሁ ጋ ደረሰ።

«አጎቴ፣ የፓርቲያችን ምሰሶዎች እናንተ ናችሁ!» አለ፤ በሁለት እጁ ጨብጦ።

«ኩሬው…» አለ ጂንሁ። «የኩሬዬ ዓሣ ነገ ይወጣል። ወረቀት የለኝም። ከዚያ በኋላ…»

«ኤሌክትሪኩ ለሁላችንም ነው አጎቴ። ጤናዎን ይጠብቁ፣ ጤና ነው ትልቁ ነገር!» እጁ ገና በጂንሁ እጅ ውስጥ ሳለ ዓይኑ የላይፉ እጅ ላይ ደርሷል።

ሲሄዱ ወንዶቹ ሻያቸውን ቀዱ። አሺንግ ሰደርያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሰው ነው፤ አፍሯል። «የሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አለ። «እዚህ እኛ መንደር፣ ሁለት ሦስት ቤት በትክክል መልሶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ቢያንስ ቢያንስ አንሸነፍም ነበር። የትኛው ቤት እንደሆነ የሚያሳየኝ ባገኝ!»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ላይፉ። «ሻይህን ጠጣ።»

የጂንሁን ፊት አላየሁም፤ ማየት አልፈለግሁም። እኔ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ለእኅቴም፣ ለልጄም። ሲኒውን ሲያስቀምጥ ሰማሁት። ተነስቶ ሄደ።

ቤት ይገባል ብዬ ብጠብቅ አልመጣም። ኩሬው ዳር ሄድኩ።

ሳባሂ ከመያዙ በፊት ይጾማል። ሆዱ ባዶ ካልሆነ ሥጋው ቶሎ ይበላሻል፤ ነጋዴው አንዱን ይሰነጥቅና መኖ ካየበት መኪናውን አዙሮ ይሄዳል፣ ወይም ለውሻ የሚሰጠውን ዋጋ ይሰጣል። ይህን የማያውቅ ሕፃን መንደራችን ውስጥ የለም። ጂንሁ የሌላ ሰው ኩሬ ሠራተኞችን እንኳ «አንድ ፍሬ እንዳትጥሉ!» እያለ ሲቆጣ ነው የኖረው። የኛዎቹም ጾም ከያዙ ሰንብተዋል፤ አስጋሪዎቹ ነገ ሳይነጋ መረብ ይዘው ይመጣሉ።

ጂንሁ የመኖውን ከረጢት ቀዶ፣ ባልዲውን በክንዱ አቅፎ፣ ኩሬው ዳር እየተራመደ ይበትናል። ውኃው ይፈላል። ሁሉም መጥተዋል፤ ጀርባ በጀርባ ላይ እየተደራረቡ፣ አፋቸውን ከፍተው ይሻሙታል።

«ሰውዬ!» አልኩ። «አብደሃል? ነገ እኮ ሊወጡ ናቸው! ማን ይገዛሃል?»

አልዞረም። አንድ እፍኝ በተነ።

«ርቧቸዋል» አለ።

«ጂንሁ፣ ጾም ናቸው!»

«እነዚህንስ ማን ጠየቃቸው?» አለ።

እጁን መያዝ እችል ነበር፤ ከእሱ ይልቅ ክንዴ ይጠነክራል፣ ዛጎል ስፈለፍል ነው የኖርኩት። ከረጢቱ እግሬ ሥር ነበር። አልያዝኩትም። ሌላ ዓመት ቢሆን ምን ይሰማኝ ነበር አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ከእኔ የሚጠየቅ ነገር ያለ አልመሰለኝም። ግድቡ ላይ ቁጭ አልኩ።

ከረጢቱን እስከ መጨረሻው አራገፈው። ውኃው ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ከዚያ ባልዲውን ኩሬው ውስጥ ነክሮ፣ በመዳፉ ውስጡን ደህና አድርጎ አሸው፤ አጥቦ ለነገ እንዲደርቅ ግድቡ ላይ ደፋው።